የፕሪም ፈንጣጣ እና የአትክልተኛው እጅ

ሻርካ በቡልጋሮች ቋንቋ ፈንጣጣ ማለት ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ፣ በ1917 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በምዕራብ ቡልጋሪያ ዜመን በምትባል መንደር አካባቢ የፕሪም ገበሬዎች በዛፎቻቸው ላይ ያልለመዱትን ነገር አዩ። ቅጠሉ ላይ ፈዘዝ ያለ ቀለበት ይወጣል፤ ፍሬው ይጎደጉዳል፣ ሥጋው ይጠወልጋል፣ ከመብሰሉ ሦስትና አራት ሳምንት ቀድሞም ይረግፋል። ስኳሩ ስለሚያንስ ለአረቄ እንኳ እምብዛም አይሆንም። ቀደም ብሎ በመቄዶንያ ታይቷል የሚሉም አሉ። ለማንኛውም ገበሬው ስም ሲያወጣ የሰውን ፊት የሚያጎደጉደውን በሽታ ስም አወጣለት፤ በዓለም ያሉ የእጽዋት ሐኪሞችም እስከ ዛሬ የሚጠሩት ገበሬው ባወጣለት በዚሁ ስም ነው። ሰውን አይነካም፤ የታመመ ዛፍ ፍሬ የበላም አይታመምም። የሚጎዳው የፕሪምን፣ የኮክን፣ የአፕሪኮትንና የዘመዶቻቸውን ወገን ነው፤ ማለትም በሥጋቸው መካከል አንድ ድንጋይ የመሰለ ዘር የያዙትን ፍሬዎች።

የሶፊያው የእጽዋት በሽታ ተመራማሪ ዲሚታር አታናሶቭ በ1932 ስለዚህ በሽታ ሲጽፍ አዲስ የቫይረስ በሽታ ነው አለ። ቫይረሱን አላየውም፤ በዚያ ዘመን ሊያየው የሚችልም አልነበረም። ያየው አንድ ነገር ነው፦ ከታመመ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ በጤነኛ ዛፍ ላይ ሲጣበቅ ጤነኛው ይታመማል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ጦር ግስጋሴ ነው። በ1930ዎቹ ዩጎዝላቪያ፣ በ1940ዎቹ ሃንጋሪና ሩማንያ፣ በ1950ዎቹ ጀርመን፣ በ1965 እንግሊዝ፣ በ1984 ስፔን፣ በ1992 ቺሊ፣ በ1999 አሜሪካ፣ በ2000 ካናዳ፣ በ2009 ጃፓን። ካርታ ላይ ቀስት እየተሰመረ፣ በሽታው በራሱ ጉልበት ከአገር አገር የዘመተ ይመስላል። እኔ ግን ይህ አነጋገር ሁለት ጊዜ ያሳስታል እላለሁ። አንደኛ፣ ከየአገሩ ስም ጎን የተጻፈው ዓመት በሽታው የታየበት እንጂ የገባበት አይደለም። ሁለተኛ፣ ከአገር አገር የወሰደው ሰው ነው፤ ያውም ጠላት ወይም ደንታ ቢስ ሰው ሳይሆን በሙያው የተመሰገነ አትክልተኛ፣ በዚያው በተመሰገነበት ጥበብ።

ጥበቡ ማጣበቅ ነው፤ ባለሙያዎች ግራፍቲንግ የሚሉት። ጣፋጭ ፕሪም የበላ ሰው ዘሩን ቢተክል የበላውን አያገኝም፤ የሚበቅለው ዛፍ ከእናቱም ከአባቱም የወረሰው ተቀላቅሎ ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሰው የወደደውን ዛፍ ሲያበዛ የኖረው ቀንበጡን ወይም እምቡጡን ቆርጦ፣ ሥር ባለው በሌላ ጉቶ ላይ ሰንጥቆ በማሰር ነው። በዚህ መንገድ የተባዛ ዛፍ ልጅ አይባልም፤ ያው አንዱ ዛፍ ነው፣ በሺህ ማሳ የቆመ። በባልካን ለአረቄውም ለደረቁ ፕሪምም ዝናው የወጣው ፖዤጋቻ በሰርቢያ፣ በቦስኒያና በቡልጋሪያ በየአካባቢው ስም እየተለወጠለት የኖረ እንዲህ ያለ ዛፍ ነው። ለሻርካ ከሁሉ ይበልጥ የሚሸነፈውም እሱ ሆነ። እዚህ ላይ ነገሩን ልብ ይሏል፤ ማጣበቅ የዛፉን ጣዕም ሳይቀንስ ሳይጨምር እንደሚያሻግር ሁሉ በጭማቂው ውስጥ ያለውንም ሁሉ ሳይቀንስ ያሻግራል። ቫይረሱ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ፊደላት ያሉት አንድ የአር ኤን ኤ ክር ነው፤ ከዛፉ ሕዋስ ውጭ ሕይወት የለውም። በሕይወት ያለ ቀንበጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በባቡር ወይም በመርከብ ሲጓዝ፣ ለእሱ ከዚህ የተሻለ ሠረገላ አይገኝም። የተበከለ ዛፍ ደግሞ አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ዓመት ምንም ምልክት አያሳይም። አትክልተኛው መልካም ነው ብሎ የመረጠው እናት ዛፍ፣ በዓይን መልካም ሆኖ ሳለ፣ የችግኝ ጣቢያውን በሙሉ ሊበክል ይችላል።

በዚያ ዘመን ማን ያውቅ ነበር? የሚል ተከራካሪ ይነሣል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። መልሱ ግን በአሜሪካ የኮክ ማሳዎች ውስጥ አለ። በፊላዴልፊያ አካባቢ ኮክን የሚያቀጭጭና ቅጠሉን የሚያገረጣ «ቢጫ በሽታ» ከ1791 ጀምሮ በጽሑፍ ይታወቃል። ሚሺጋን በ1875 የታመሙ ዛፎች ተነቅለው እንዲቃጠሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በ1888 ደግሞ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪ የነበረው ኧርዊን ስሚዝ በሽታው በእምቡጥ ማጣበቅ ከዛፍ ዛፍ እንደሚተላለፍ በሙከራ አሳየ። ማለትም ሻርካ ገና ስም ሳይወጣለት፣ ዜመንም በጋዜጣ ሳትነሣ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ የሙያው ሰዎች ቀንበጥ በሽታን እንደሚያጓጉዝ ታትሞ ሊያነቡት ይችሉ ነበር። ታሪኩ ምፀትም አለው። ያ ቢጫ በሽታ ለአሥርት ዓመታት የቫይረስ በሽታ አርአያ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቶ፣ ጃፓኖች በ1967 ባገኙት ግኝት መነሻነት፣ ግድግዳ አልባ በሆነች ባክቴሪያ መሰል ፍጥረት እንደሚመጣ ተረጋገጠ። መንስኤው ተሳስቶ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ትክክል ነበር። ያልታወቀው ተሳፋሪው ማን እንደሆነ ነው፤ መጓጓዣው ታውቆ ነበር።

ለምን አልተሰማም ለሚለው፣ ዋሽንግተን ያለ አንባቢ በየዓመቱ በጸደይ ሊያየው የሚችል ምሳሌ አለ። በታይዳል ቤዚን ዙሪያ የሚያብቡት የቼሪ ዛፎች በድንጋያማ ዘራቸው የፕሪምና የኮክ ዘመዶች ናቸው። ከቶክዮ በስጦታ የመጡት የመጀመሪያዎቹ 2,000 ዛፎች በጥር 1910 ደርሰው ሲመረመሩ ተባይና የሥር ትል ተገኘባቸውና በፕሬዚዳንት ታፍት ፈቃድ ተቃጠሉ። ሁለተኛው ስጦታ፣ 3,020 ዛፍ፣ በ1912 ደርሶ ተተከለ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አሜሪካ የመጀመሪያውን የእጽዋት ኳራንቲን ሕግ አጸደቀች። የስጦታው መቃጠል ለዲፕሎማቶች አሳፋሪ ቢሆንም ለተቆጣጣሪዎቹ ክብር ነው። ነገር ግን የያዙት በዓይን የሚታየውን ነው። ሕጉም፣ ሳጥን ከፋቹም፣ አጉሊ መነጽሩም ለነፍሳትና ለሻጋታ የተሠሩ ነበሩ፤ በጤነኛ ቅርፊት ሥር ለተደበቀ ቫይረስ ግን በሩ ክፍት ነበር። በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሆነው ይህንን ያሳያል። በ1933 በኩትኒ ሐይቅ ዳር የቼሪ ፍሬ ማነስና ጣዕም ማጣት ጀመረ፤ በሽታውም «ትንሹ ቼሪ» ተባለ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የአካባቢው የቼሪ ንግድ ፈረሰ። አመጣጡ የተጠረጠረው ለአበባቸው ሲባል ከጃፓን በመጡ ጌጠኛ ቼሪዎች ነው። እነዚያ ቫይረሱን ተሸክመው ምንም ሳይመስላቸው ያብባሉ። ቆይቶ ሲጠና በሽታውን የሚያመጡት የተለያዩ ሁለት ቫይረሶች እንደሆኑና አንደኛውን ነጭ ዱቄት የለበሰች የፖም ተባይ እንደምታዛምተው ታወቀ።

አሁን ወደ ሻርካ ልመለስ፤ የክርክሬ ዋና ማስረጃ በራሱ በቫይረሱ ውስጥ ተጽፏልና። ቫይረሱ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። ዛሬ ወደ አሥር የሚጠጉ ዓይነቶች ተለይተዋል፤ ስማቸውም ከሞላ ጎደል የቦታ መዝገብ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሁለቱን ለዩ፦ በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ከአፕሪኮት የተገኘውን ዲደሮን፣ በሰሜን ግሪክ ከኮክ የተገኘውን ማርከስ። ከእነሱ ቀጥሎ በግብፅ አፕሪኮት ላይ ኤል አማር፣ በካናዳ ኦንታሪዮ ዊኖና፣ በቱርክ የራሷ የሆነ አንድ፣ በአልባኒያ የማርከስ ቅድመ አያት የሚመስል ሌላ ተገኘ። ቼሪን በተፈጥሮ አይነካም ተብሎ ለረዥም ጊዜ ሲታመን ነበር። በ1990ዎቹ በሞልዶቫ ጎምዛዛ ቼሪ ላይ አንድ ዓይነት፣ ከዚያ በሩሲያ ሌላ ሲገኝ ያ እምነት ወደቀ። እነዚህን ስሞች የበሽታው የትውልድ ቦታ አድርጎ ማንበብ ግን ስሕተት ነው፤ ዊኖና ይህንን በግልጽ ያሳያል። የተሰየመው በካናዳ መንደር ነው፤ በኋላ ሲፈለግ ግን በላትቪያ፣ በዩክሬንና በሩሲያ በብዛት ተገኘ፣ ያውም እርስ በርሱ እጅግ ተለያይቶ። አንድ ቫይረስ በሚለያይበት መጠን በዚያ ቦታ ረዥም ዘመን እንደኖረ ይገመታል። ካናዳ የደረሰው ቅርንጫፍ እንጂ ግንድ አልነበረም። ስሙን ያገኘው ካናዳ ውስጥ የሚፈልገው ሰውና የሚለየው ላቦራቶሪ ስለነበረ ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ ዜመን ራሷም የበሽታው እናት ተብላ ልትከሰስ አይገባም። ሶፊያ ውስጥ አታናሶቭ ነበር፤ ሌላ ቦታ አታናሶቭ አልነበረም።

ዲደሮን ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከሁሉም ይልቅ የተዛመተው እሱ ነው፤ በቺሊ፣ በፔንሲልቬንያ፣ በኦንታሪዮ፣ በጃፓን የተገኘው በዋናነት ይኸው ነው። ስፋቱን ያህል ግን አይለያይም፤ ውቅያኖስ ተሻግረው የተገኙት ናሙናዎች እንኳ የቅርብ ወንድማማች ናቸው። ይህ በዝግታ፣ ከጫካ ጫካ፣ በዘመናት የተስፋፋ ፍጥረት መልክ አይደለም። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ፣ ከጥቂት ምንጮች፣ በፍጥነት የተበተነ ነገር መልክ ነው፤ የችግኝ ንግድም የሚሠራው በትክክል እንዲህ ነው። ከዲደሮንና ከማርከስ የተዳቀለው ሦስተኛው ዓይነት በበኩሉ በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ የፕሪም ማሳዎችን ሞልቶ ሳለ ለዓመታት ማርከስ ሲባል ኖረ፤ ማንነቱ በደንብ የተለየው በ2004 ገደማ ነው። ሁለት ቫይረሶች እንዲዳቀሉ በአንድ ዛፍ፣ በአንድ ሕዋስ መገናኘት አለባቸው። ከተለያየ ቦታ የመጡ ቀንበጦች በአንድ ጉቶ፣ በአንድ የችግኝ ጣቢያ ሲገናኙ፣ ይህንን ሠርግ የደገሰው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ክሽክሽ የተባለችው የተክል ጭማቂ የምትመጥ ነፍሳትም ልታገናኛቸው ትችል ነበር፤ ሁለቱን ከሩቅ አምጥቶ ጎረቤት ያደረጋቸው ግን ክሽክሽ አይደለም።

ክሽክሽን ካነሣሁ ዋናውን ተቃውሞ ማለፍ አልችልም። ሻርካን የሚያዛምቱት ወደ ሃያ የሚሆኑ የክሽክሽ ዝርያዎች ናቸው፤ በማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ የሚገኝ እውነት ነው። ክሽክሿ በታመመ ቅጠል ላይ ለሰከንዶች ብቻ አፏን ብትሰካ ቫይረሱን ትይዛለች፣ በሚቀጥለው ዛፍ ላይ ስትቀምስ ታራግፈዋለች። ፀረ ተባይም ብዙ አይረዳም፤ መርዙ ከመግደሉ በፊት ሥራዋን ጨርሳለች። ስፔን ውስጥ በሽታው ከገባ በኋላ በየማሳው የነገሠው በእነሱ ነው። ይህ ሁሉ ልክ ነው፤ የማሳው ውስጥ ታሪክ የክሽክሽ ታሪክ ነው። ነገር ግን ቫይረሱ በአፏ ጫፍ ላይ የሚቆየው ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ የምታደርሰውም በአብዛኛው ከአሥሮች እስከ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ክሽክሽ አትላንቲክን አታቋርጥም፤ ከባልካን ተነሥታ ቺሊ አትደርስም። እሳቱን ከቤት ቤት የሚያዛምተው ነፋስ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ፍሙን ከሌላ መንደር ያመጣው ግን ነፋስ አይደለም። ሁለቱን ያደባለቀ መንግሥት ደግሞ ገንዘቡን መድኃኒት በመርጨት ያባክናል።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያስቸግረኛል። ድንጋያማ ዘር ያላቸውን ፍሬዎች የሚያጠቃው ሻርካ ብቻ አይደለም፤ በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ቫይረሶች አሉ፣ ሁሉም ቀንበጥ አይጠብቁም። ቅጠልን በቀለበት የሚበሳሳው የፕሩነስ ቀለበት ቫይረስና ፕሪምን የሚያቀጭጨው ዘመዱ በአበባ ዱቄትና በዘር ጭምር ይሻገራሉ፤ ንብም የበኩሏን ታደርጋለች። አፈር ውስጥ በምትኖር ጥቃቅን ትል የሚተላለፉም አሉ። ስለዚህ «ሁሉም በአትክልተኛ እጅ» ማለት ውሸት ይሆናል። እኔም አልልም። የምለው፣ ለሻርካ ፍርዱ የማያጠራጥር ነው፤ ለሌሎቹም ቢሆን ከአህጉር አህጉር ያለውን ጉዞ ስንመለከት፣ ዘሩንም ቀንበጡንም መርከብ ላይ የጫነው ያው ሰው ነው።

ዋጋው ምን ያህል ነበር? በ1990ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ ከ100 ሚሊዮን በላይ ዛፎች በሻርካ እንደተበከሉ ተገምቷል። በ2006 የወጣ ግምት ደግሞ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሽታውን ለመቆጣጠር በዓለም የወጣውን ወጪ ከ10 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ያደርሰዋል። ቁጥሩ የማይነግረው አለ። በፔንሲልቬንያ አዳምስ አውራጃ በ1999 ከታየ በኋላ 650 ሄክታር ያህል የፍሬ ማሳ ተነቀለ፤ ግዛቷ ነጻ የተባለችው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ኒው ዮርክ እስክትከተል 2019 ደረሰ። ካናዳ በ2011 ማጥፋቱን ትታ አብሮ መኖርን መረጠች። በቶክዮ ምዕራብ ኦሜ ከተማ ሰው በአበባው ወቅት የሚጎርፍበት የኡሜ (የጃፓን አፕሪኮት) መናፈሻ ዛፎቹ በ2014 በሙሉ ተቆረጡ፣ ተራራውም ያን ጊዜ ራቁቱን ቀረ። ይህ ሁሉ የሚሆነው የታመመ ዛፍ ስለማይድን ነው። ጀነቲክ ምሕንድስና ሃኒ ስዊት የተባለ ቫይረሱን አጥብቆ የሚቋቋም ፕሪም አስገኝቷል፤ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከፈረንሳዮች ጋር ያወጣው ነው። ይሁንና አንድ ዝርያ ነው፤ የፖዤጋቻን ጣዕም የለመደ ሰርብ ደግሞ ሌላ አይቀበልም።

ጥፋቱ በአትክልተኛው እጅ ከሆነ፣ መፍትሔውም የመጣው ከዚያው መሆኑ አያስገርምም። በ1936 ሉዊስ ኩንከል የታመመ ኮክን በሙቀት ማከም እንደሚቻል አሳየ። በ1955 በዋሽንግተን ግዛት ፕሮሰር ላይ ከቫይረስ የጸዱ እናት ዛፎች የሚጠበቁበት ጣቢያ ተቋቋመ፤ የችግኝ ነጋዴው ቀንበጡን ከዚያ ይወስዳል። በ1977 ደግሞ ክላርክና አዳምስ የሚባሉ በእንግሊዝ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች በደም ምርመራ የታወቀውን ኤላይዛ የተባለ ዘዴ ለእጽዋት አመቻቹት፤ ከመሞከሪያዎቻቸው አንዱ ይኸው የፕሪም ፈንጣጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠር ዛፍ በቀናት መመርመር ተችሏል። ሻርካ በብዙ አገሮች ከ1980 በኋላ «የደረሰ» የመሰለበት አንዱ ምክንያት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህ መሣሪያ ነው፤ በሽታው ሳይሆን ዓይኑ ደረሰ።

ነገሩ ኢትዮጵያን የሚመለከተው በአንድ መንገድ ነው። ደጋው ላይ በየጓሮው የሚበቅለው ኮክ በአብዛኛው ከዘር የተገኘ ነው፤ ሻርካ ደግሞ በዘር እንደማይተላለፍ ይታመናል። ድሃ የተባለው ልማድ፣ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ጓሮ መቅበር፣ ከዚህ በሽታ አንጻር ጠባቂ ነበር። የዚሁ ወገን ዘመድ የሆነ አገር በቀል ዛፍም አለን፤ ጥቁር እንጨት፣ በጫካችን ሲመናመን የቆየው። ዛሬ ደግሞ በማጣበቅ የተባዛ ፖም፣ ፕሪምና ኮክ በደጋው ገበሬ ዘንድ እየተወደደ ነው፣ መወደዱም ተገቢ ነው። ስለዚህ የምለው ሁለት ነው። ችግኝ የሚያከፋፍል ሁሉ እናት ዛፉ መቼና በምን እንደተመረመረ በወረቀት ያሳይ፤ ገዢውም ይጠይቅ። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከአሜሪካ ወደ ዘመዶችህ የምትመጣ አንባቢ ሆይ፣ ጎረቤትህ ጓሮ የቀመስከው ፕሪም የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ቀንበጡን በሻንጣህ አትያዝ።